መንጌ በሁለት መንግሥታት መካከል፤ የዐፄ ምኒልክና የከሊፋ አብዱላሂ የሰላም ንግግር

በምዕራብ ኢትዮጵያ፥ ከአሶሳ በስተ ሰሜን፥ በመንጌ አጠገብ በርታዎች ከጥንት ጀምረው ያከበሩት ድንጋይ ያለበት ተራራ ይገኛል። ስሙ ቤላ ሻንጉል ይባላል። «ቤላ» በበርታ ቋንቋ ድንጋይ ማለት ነው። በኋላ ዘመን ግን ይህ ስም በዐረብኛ ተናጋሪዎች አፍ ወደ ቤኒ ሻንጉል ተለወጠ። «ቤኒ» በዐረብኛ «ልጆች» ማለት ስለ ሆነ፥ የድንጋይ ስም የነበረው ለሚሰማው ሰው የነገድ ስም መሰለ። አገሩ በሌሎች አፍ ሲጠራና በሌሎች አሳብ ሲመዘን መኖሩ ከስሙ ይጀምራል ማለት ነው።

ባዕዳንን ወደዚህ አገር የጠራቸው ወርቁ ነው። የግብፅ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ልጅ እስማዒል ፓሻ በ1814 ዓ.ም. ሰናርን አልፎ ፋዞግሊንና የበርታን ኮረብቶች የደረሰው ወርቅና ለወታደርነት የሚሆን ባሪያ ፍለጋ ነበር። መሐመድ ዓሊም ራሱ፥ ዕድሜው ሰባ ዓመት ገደማ በሆነ ጊዜ፥ በ1831 ዓ.ም. የወርቁን ነገር በዓይኑ ለማየት እስከ ፋዞግሊ ድረስ ወጥቶአል። ያሰበውን ያህል ወርቅ ባያገኝም ዝናው አልጠፋም። ከሱዳን የመጡ ነጋዴዎችና የእስልምና መምህራን ከበርታ ባላባቶች ልጆች ጋር ተጋቡ፤ ከእነርሱም «ወታዊጥ» የሚባለው የገዥ ወገን ተወለደ። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከዚህ ወገን የወጡ ሦስት ሼኮች አገሩን ተካፍለው ይገዙ ነበር፤ ሼክ አብዱራሕማን ሆጀሌ በቤላ ሻንጉል፥ ሼክ ሆጀሌ አልሐሰን በአቆልዲ፥ ይኸውም በአሶሳ፥ ሼክ መሐመድ ወድ ማሕሙድ በሆሞሻ።

በኢትዮጵያና በድርቡሽ መንግሥት መካከል የተደረገው ጦርነት ብዙ ጊዜ የሚተረከው ከመተማና ከጐንደር ወገን ነው። ይህም የሚገባ ነው፤ ብዙው ደም የፈሰሰው በዚያ ነውና። ነገር ግን ሁለቱ መንግሥታት ስለ ሰላም የተነጋገሩትን ነገር ለመመርመር ከመንጌ ኮረብታ ላይ ሆኖ ማየት የበለጠ ያስረዳል። ለበርታ ገበሬ አዲስ አበባም ኡምዱርማንም ሩቅ ነበሩ፤ ጦርነቱም ሰላሙም የባዕድ ነበር። ሰላሙ ምን ዋጋ እንደ ተከፈለበት የሚታወቀው ግን በእርሱ አገር ነው።

የጠቡ መነሻ የግንቦት 1876 ዓ.ም. የዐድዋ ውል ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር በተዋዋሉት በዚህ ውል፥ በማሕዲው ሠራዊት የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል አልፈው ወደ ምጥዋ እንዲወጡ ለመርዳት ተስማሙ፤ በምላሹም ቦጎስ ተመለሰላቸው። ራስ አሉላ በመስከረም 1878 ዓ.ም. ኩፊት ላይ የዑስማን ዲግናን ጦር ድል አደረጉ። ይሁን እንጂ ውሉን ያስፈረመው እንግሊዝ ጣልያን ምጥዋን ስትይዝ አልተቃወመም፤ ኢትዮጵያም በአንድ ወገን ከጣልያን፥ በሌላው ወገን ከድርቡሽ ጋር ተፋጠጠች። በጥር 1880 ዓ.ም. የድርቡሹ አሚር ሐምዳን አቡ አንጃ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውሃ ላይ አሸንፎ ጐንደርን አቃጠለ።

ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ የሰላም ደብዳቤ የጻፉት ይህ ሁሉ ከደረሰ በኋላ፥ በታኅሣሥ 1881 ዓ.ም. ነው። በዚያ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ ሁኔታ የከፋ ነበር። ጣልያን በባሕሩ ዳር ምሽግ ሠርታ ተቀምጣለች፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጐጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በእርሳቸው ላይ ተስማምተዋል፤ የድርቡሽ ጦር ደግሞ በገላባት ሰፍሮአል። የደብዳቤው አሳብ በአጭሩ እንዲህ ነበር፤ ሁለቱ አገሮች ድኻውን በከንቱ ከሚያስፈጁ ቢታረቁና በጋራ ጠላታቸው በአውሮጳ ላይ ቢተባበሩ ይሻላል፤ አውሮጳውያን አንዱን ቢያሸንፉ ሌላውን አይምሩትምና። ነጋዴውም እንደ ቀድሞው ከአገር ወደ አገር ይመላለስ የሚል ነበረበት።

ይህ አሳብ ከዚያ በፊት በሁለቱ አገሮች ነገሥታት መካከል እንዲህ በግልጥ ተነግሮ አያውቅም። ምናልባት ከጭንቅ የወጣ ነው የሚል ይኖራል፤ እውነትም ከጭንቅ የወጣ ነው። ከጭንቅ መውጣቱ ግን ስሕተት አያደርገውም። አቡ አንጃ ደብዳቤውን የድካም ምልክት አድርጎ ተረጐመው፤ ንጉሠ ነገሥቱም እስልምናን ካልተቀበሉ ሰላም እንደሌለ ንቀት በተመላበት ቃል መለሰ። አቡ አንጃ ራሱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሕመም ሞተ፤ በስፍራው ዘኪ ጡማል ተተካ። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ በተደረገው ጦርነት ድሉ ለኢትዮጵያውያን ሊሆን በተቃረበ ጊዜ ዐፄ ዮሐንስ በጥይት ቈሰሉ፤ በማግሥቱም ዐረፉ። ራሳቸው ተቈርጦ ወደ ኡምዱርማን ተወሰደ። ከዚያ በኋላ ከኢትዮጵያ ወገን ስለ ሰላም የሚናገር ሁሉ ይህን ነገር ረስቶ ወይም እንደ ረሳ ሆኖ መናገር ነበረበት።

በምዕራቡ ወገን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። የማሕዲው ተከታዮች በቤኒ ሻንጉል በኩል ወደ ወለጋ በገፉ ጊዜ ራስ ጎበና ዳጬ ከወለጋ ባላባቶች ጋር ሆነው በጥቅምት 1881 ዓ.ም. በመንዲ አጠገብ ጉቴ ዲሊ በተባለው ስፍራ አሸነፉአቸው። መተማ ከመድረሱ በፊት አምስት ወር ያህል ይቀድማል ማለት ነው። በዚህ ድል የምኒልክ ግዛት ከበርታ አገር ጋር ጎረቤት ሆነ። ሼኮቹም ከዚያ ወዲህ በስተ ምሥራቅ ለወለጋ፥ በስተ ምዕራብ ለድርቡሽ እየላኩ፥ አንዱን በሌላው እያስፈራሩ፥ ለአሥር ዓመት ያህል ኖሩ። ትንሽ ጌታ በሁለት ታላላቆች መካከል ሊያደርገው የሚችለው ይኸው ነው፤ ታላላቆቹ ተጣልተው እስካሉ ድረስም ይሠራል።

ዐፄ ምኒልክ በነገሡ ጊዜ ከድርቡሽ ጋር መዋጋትን አላስቀደሙም። ከጣልያን ጋር ውጫሌ ላይ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተዋዋሉት ውል ወዲያው የጠብ ምክንያት ሆነ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱት። ነገር ግን በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮጳ ነገሥታት በላኩት የታወቀ ደብዳቤ የኢትዮጵያ ወሰን በጥንት ዘመን እስከ ካርቱም እንደ ነበረ አስታውቀዋል። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ለአውሮጳ እንጂ ለከሊፋው አይደለም፤ የአገሩ ባለቤት ሆኖ በዚያ የተቀመጠው ግን ከሊፋው ነበር። የምኒልክ የምዕራብ ፖለቲካ ሁሉ በዚህ ላይ ይዞራል። ከድርቡሽ ጋር ሰላም ይፈልጋሉ፤ ድርቡሽ የያዘውን አገር ደግሞ ይፈልጋሉ።

የጣልያን ጦርነት በተቃረበ ጊዜ ምኒልክ ወደ ከሊፋው መላካቸው ከወታደር አሳብ የወጣ ነው። ሠራዊታቸውን ሁሉ ይዘው ወደ ትግሬ ሲዘምቱ ከበስተኋላ ጐንደርና ወለጋ ባዶ እንዳይቀሩ ያስፈልግ ነበር። ጣልያን በሐምሌ 1886 ዓ.ም. ከሰላን ከድርቡሽ እጅ ስለ ወሰደች ከሊፋውም የጣልያን ጠላት ሆኖአል። ስለዚህ ውል ባይጻፍም ሁለቱ በየፊናቸው አንዱን ጠላት ይመለከቱ ነበር፤ ምኒልክም በዐድዋ ዘመቻ ጊዜ ከምዕራብ አልተወጉም።

በዚያ ዘመቻ ውስጥ ራሱ የሰላም ንግግር እንዳልተቋረጠ ማስታወስ ይገባል። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ የተከበበው የጣልያን ጦር በፌልተር አማላጅነት መሣሪያውን ይዞ እንዲወጣ ምኒልክ ፈቀዱ፤ ይህም ብዙ መኳንንት ያጉረመረሙበት ነገር ነው ይባላል። ከዐድዋ ድል በኋላም ሻለቃ ሳልሳ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሰፈር መጥቶ ነበር። ኢጣልያ የውጫሌን ውል ብትተውም ኢትዮጵያ የሌላ መንግሥት ጥበቃ እንዳትቀበል የሚል ቃል ይግባ ባለች ጊዜ ንግግሩ ፈረሰ፤ ነፃ መንግሥት ይህን ቃል ለማንም አይሰጥምና። ሰላሙ በአዲስ አበባ የተፈረመው ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ምኒልክ እየተዋጉ መነጋገርን፥ እየተነጋገሩም መጠበቅን የሚያውቁ ነበሩ። ከከሊፋው ጋር ያደረጉትም ይህንኑ መንገድ የተከተለ ነው።

የዐድዋ ድል ለከሊፋው ያመጣለት ነገር ተቃራኒ መሆኑ ከታሪክ መራሮች አንዱ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት የተሸነፈችውን ጣልያን በከሰላ ለማገዝ ነው በሚል ምክንያት፥ ድሉ በሆነ በሁለት ሳምንት ውስጥ፥ በመጋቢት 1888 ዓ.ም. የግብፅ ጦር ወደ ዶንጎላ እንዲዘምት አዘዘ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ባይሆንም ጊዜውን የወሰነው ዐድዋ ነው። እንግዲህ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. የጻፉት ነገር፥ አንዱ ሲወጋ ሌላው አይተርፍም ያሉት፥ በኡምዱርማን ተሰማ። ይሰማ እንጂ ሰባት ዓመት ዘግይቶ ነው።

ከሊፋው መሐመድ ዑስማን ሓጅ ኻሊድ የተባለውን መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ ላኩ። የሰላሙ ዋና ቃል ምኒልክ ከአውሮጳውያን ጋር ያላቸውን ግንኙነት ሁሉ እንዲያቋርጡና አገራቸውን እንዲዘጉባቸው ነበር። ይህ ከከሊፋው ወገን ሲታይ የሃይማኖት ትዕቢት ብቻ አልነበረም። የእርሳቸው መንግሥት ከአውሮጳ ጋር ሳይነጋገር ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖሮ ነበር፤ እንግዳ ካልገባ ሰላይ አይገባም፥ ነጋዴ ካልገባ ቆንስል አይከተለውም የሚል አሳብ ነበራቸው። ስለ ቆንስሉም አልተሳሳቱም።

ለዐፄ ምኒልክ ግን ይህ የማይቻል ነበር። ዐድዋ ላይ ጣልያንን ያሸነፈው ጠብመንጃ በአብዛኛው በባሕር የመጣ፥ በታጁራ፥ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል በፈረንሳዮች ንግድ የገባ ነው። ከአማካሪዎቻቸው መካከል ስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ከ1871 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሩ የነበረና በ1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪነት ማዕርግ የተቀበለ ሰው ነው። ራስ መኰንንም በውጫሌ ዘመን ወደ ኢጣልያ ሄደው የአውሮጳን ኃይል በዓይናቸው አይተዋል፤ የሐረርን በር የሚጠብቁት እርሳቸው ነበሩ። የእነዚህ ሰዎች ምክር አውሮጳን በር ዘግቶ ማስቀረት ሳይሆን አንዱን አውሮጳዊ በሌላው እያስያዙ መኖር ነበር። ከሊፋው ያቀረቡት ሰላም የምኒልክን ኃይል ምንጭ የሚያደርቅ ስለ ነበረ አልተቀበሉትም፤ መልእክተኛውን ግን በክብር እንጂ በቍጣ አልመለሱም።

በ1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሆነው ነገር ከዚህ አሳብ ጋር አንድ ላይ ሲታይ ይገባል። በመጋቢት ላጋርድ የተባለው የፈረንሳይ መልእክተኛ ስለ ነጭ ዓባይ የምስጢር ውል አስፈረመ፤ በዚህም ምኒልክ የወንዙን ቀኝ ዳር እንዲይዙ፥ የፈረንሳይም ጦር በግራው በኩል ሲመጣ እንዲረዱት ተስማሙ። በግንቦት ደግሞ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሬነል ሮድ ጋር ውል ተደረገ፤ በስድስተኛው አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ የማሕዲው ተከታዮች የመንግሥታቸው ጠላቶች መሆናቸውን አስታውቀው፥ መሣሪያ በአገራቸው አልፎ እንዳይደርሳቸው ለመከልከል ቃል ገቡ። ከሮድ ጋር የመጣው ሻለቃ ዊንጌት የግብፅ ጦር የስለላ አለቃ ነበር። የምዕራቡ ወሰን ግን በውሉ ውስጥ ሳይወሰን ቀረ፤ ለምኒልክም ሳይወሰን መቅረቱ ይሻላቸው ነበር።

በወረቀት ጠላት የተባሉት ሰዎች መልእክተኛ ግን በዚያው ዓመት በቤተ መንግሥቱ ተቀብሎአል። አንዳንድ የአውሮጳ ጸሐፊዎች ይህን አይተው ምኒልክን ሁለት ምላስ ያለው ንጉሥ ብለው ነቀፏቸው። ነቀፌታው ፍትሐዊ አይመስልም። ለፈረንሳይ፥ ለእንግሊዝና ለከሊፋው የተሰጡት ቃሎች የማይስማሙ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሦስቱም ምኒልክን የፈለጉት ለራሳቸው ጦርነት መሣሪያ ሊያደርጉአቸው ነው። ለሦስቱም ከፊል እሺታ ሰጥተው ለአንዱም መሣሪያ አልሆኑም። ስለ ንጉሠ ነገሥቱ አሠራር ጥያቄ ማንሣት ካስፈለገ ጥያቄው ከዲፕሎማቶቹ ወገን ሳይሆን ከበርታ አገር ወገን ቢነሣ ይሻላል፤ የእነዚህ ቃሎች ሁሉ መገናኛ የሆነው መሬት የእነርሱ ነበርና።

በ1890 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ብዙ ጦር አዘመቱ። ደጃዝማች ተሰማ ናደው በሶባት ወንዝ በኩል ወርደው በሰኔ ወር ጦራቸው ነጭ ዓባይ ደረሰ፤ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ ሄዱ። ወደ ቤኒ ሻንጉል የተላኩት ራስ መኰንን ናቸው። የሐረር ገዥ ከአገሪቱ ምሥራቅ ጫፍ ተነሥተው ወደ ምዕራብ ጫፍ መዝመታቸው ነገሩ ምን ያህል ከባድ ሆኖ እንደ ታየ ያሳያል። ምኒልክም ለከሊፋው ደብዳቤ ላኩ፤ አውሮጳውያን ከምሥራቅና ከምዕራብ መጥተው በሁለቱ አገሮች መካከል ለመግባትና ለመለየት አስበዋልና፥ ይህን ለመከልከል ጦር በአምስት አቅጣጫ ላክሁ የሚል ነበር። ጦሩ የሄደው በድርቡሽ ላይ አለመሆኑን ለማስረዳት ነው።

ይህ ደብዳቤ ብልኅነት የተመላበት ነው፤ ሐሰትም አይደለም። እንግሊዝ ከሰሜን እየወረደ፥ የፈረንሳዩ ማርሻን ከምዕራብ ወደ ፋሾዳ እየተቃረበ ነበር። ባዶ የሚቀር አገር ሁሉ በእንግሊዝ ወይም በፈረንሳይ እጅ እንደሚገባ የታወቀ ነው። ሆኖም ቤኒ ሻንጉል ባዶ አገር አልነበረም። ሼኮቹ ያሉበት፥ የወርቁ ወንዞች የሚፈሱበት፥ የማሕዲው መንግሥት የእኔ የሚለው አገር ነበር። ስለዚህ ምኒልክ ለከሊፋው የጻፉት፥ አሳቡ ሲገለጥ፥ አገርህን ሌላ ሳይወስደው እኔ ልጠብቀው እንደ ማለት ነበር።

ከሊፋው ይህን ሳያስተውሉት የቀሩ አይመስልም። ነገር ግን ምን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር? ኃይላቸውን በሰሜን መሰብሰብ ነበረባቸው። በሚያዝያ መጀመሪያ 1890 ዓ.ም. የአሚር ማሕሙድ ጦር በአትባራ ወንዝ ላይ ተደመሰሰ። ከኢትዮጵያ ጋር ሌላ ግንባር መክፈት እብደት ይሆን ነበር። ስለ ቤኒ ሻንጉል ዝም አሉ። በሁለቱ ነገሥታት መካከል ውል ሳይጻፍ የቆመው ሰላም ዋጋው ይህ ዝምታ ነበር።

በአገሩ ውስጥ ግን ሰላም አልነበረም። የራስ መኰንን ጦር የገባው በውጊያ ነው፤ በጠብመንጃ ብዛት ግን ሼኮቹ የሚቋቋሙት አልሆነም። ለአሥር ዓመት የሠራው በሁለት ታላላቆች መካከል የመኖር ዘዴ፥ ታላላቆቹ ከተስማሙ ወዲህ በአንድ ጊዜ ዋጋ አጣ። ከኡምዱርማን ረዳት አልመጣም። ሼክ ሆጀሌ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ታሰሩ፤ አገሩም በወርቅ ግብር እንዲከፍል ተደረገ። ወርቁን ከወንዝ አሸዋ እያጠበ የሚያወጣው የበርታ ሰው፥ ይልቁንም ሴቶቹ ስለ ነበሩ፥ ግብሩ የወደቀው በእነርሱ ላይ ነው። ከወርቁም የከፋ ነገር ነበር። የባሪያ ንግድ ከግብፅ ዘመን ጀምሮ የነበረ ቢሆንም በአዲሱ አገዛዝ ሥር አልቆመም፤ ሼኮቹ ግብሩን ለመሙላትና ራሳቸውን ለማበልጸግ የገዛ አገራቸውን ሰው ይሸጡ ነበር። ይህ ንግድ እስከ ጣልያን ወረራ ዘመን ድረስ ዘለቀ። ስለ ዐፄ ምኒልክ ጥበብ የሚጻፈው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ ይህም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

ኡምዱርማን ነሐሴ 28 ቀን 1890 ዓ.ም. ወደቀች። ከሊፋ አብዱላሂ በኅዳር 1892 ዓ.ም. በኮርዶፋን ምድር ኡም ድወይከራት ላይ ተገደሉ። በሞቱ ጊዜ በጸሎት ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥይቱን እንደ ጠበቁ፥ ያሸነፉአቸው እንግሊዞች ሳይቀሩ በአክብሮት መስክረዋል። ለምኒልክም የንግግሩ ባልንጀራ ተለወጠ፤ አሁን በካርቱም የተቀመጠው እንግሊዝ ነበር። እንግሊዝም የቤኒ ሻንጉልን ወርቅ ያውቅ ስለ ነበር አገሩ የሱዳን ክፍል ነው ይል ጀመር፤ ግብፅና ማሕዲው ይዘውት ነበርና። ምኒልክ በዚህ ጊዜ የራስ መኰንንን ዘመቻ ጥቅም አገኙት። በክርክሩ ላይ የቀረበው የጥንት ታሪክ ብቻ ሳይሆን በቦታው የተቀመጠ ጦርና የሚከፈል ግብር ሆነ። ካርቱምን የሚያነሣው የ1883ቱ ደብዳቤ ቀረ፤ ቤኒ ሻንጉል ግን ተገኘ።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በዐፄ ምኒልክና በሃሪንግተን መካከል የተፈረመው ውል ወሰኑን ቈረጠ። ቤኒ ሻንጉል ወደ ኢትዮጵያ፥ ፋዞግሊና ፋማካ ወደ ሱዳን ሆኑ። በዚሁ ውል ንጉሠ ነገሥቱ በዓባይ፥ በጣና ሐይቅና በሶባት ላይ የውሃውን ፍሰት የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ እንዳይሠሩ ቃል ገቡ፤ የዚህ ቃል ክርክር ከወሰኑ ይልቅ ረዥም ዕድሜ አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ሻለቃ ግዊን ወሰኑን በመሬት ላይ ሲያመለክት ከኢትዮጵያ ወገን አብሮት የቆመ መልእክተኛ አልነበረም። መሥመሩ የበርታን ሕዝብ በሁለት ከፈለው።

ሼክ ሆጀሌ ኋላ ከእስር ተፈትተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ለአዲስ አበባ ወርቅ እየላኩ፥ ከሱዳን ወገን ጋርም መነጋገራቸውን ሳያቋርጡ፥ ተቀናቃኞቻቸውን አንድ በአንድ አልፈው የቤኒ ሻንጉል ሁሉ የበላይ ሆኑ፤ እስከ ጣልያን ዘመንም ኖሩ። ቤላ ሻንጉል ያለበት ተራራ በመንጌ በኩል በኢትዮጵያ ምድር ቀረ። ድንጋዩን ከሚያከብሩት በርታዎች ከፊሎቹ ግን ከዚያ ወዲህ ከወሰኑ ማዶ፥ በሱዳን ምድር ሆኑ።